ፎርጎትን ሪልምስን ኩባንያ አልፈጠረውም

አቦ ወንድሜ፣ ከዚራ ጌም ቤት «ባልዱርስ ጌት 3» ስንጫወት «ፎርጎትን ሪልምስን ቲኤስአር የሚባለው ኩባንያ ለደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ብሎ ነው የፈጠረው» ያልከው ልክ አይደለም። ፎርጎትን ሪልምስ ይህ ጌም የሚካሄድበት ልብ ወለድ ዓለም ነው፤ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደግሞ ቲኤስአር ያሳተመው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው ታሪክ የሚጫወቱበት ጨዋታ ነው። ብዙ የድሬ ልጅ እንደዚያ ያምናል፣ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው።

ዓለሙ ጨዋታውን ይቀድመዋል። ኤድ ግሪንውድ የተባለ ካናዳዊ ነው የጀመረው፣ ያውም ገና ልጅ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ያኔ ለራሱ የሚጽፋቸው ታሪኮች መቼት ነበር። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የታተመው በ1974 ነው! ግሪንውድ የጨዋታውን ሕግ ወደ ዓለሙ ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1979 ጀምሮ «ድራገን» መጽሔት ላይ ይጽፍ ነበር። በጽሑፎቹ ውስጥ ከዚያ ዓለም የመጣው ምናባዊ አስማተኛ ኤልሚንስተር እየመጣ ያወጋዋል። ይህ አጻጻፉ በጣም ደስ ይለኛል፤ አንባቢው ዓለሙን ቀስ በቀስ የለመደው በዚያ ነው።

ቲኤስአር ወደዚህ ታሪክ የመጣው በ1986 ነው። ለጨዋታው አዲስ ዓለም ሲፈልግ ሠራተኛው ጄፍ ግረብ ለግሪንውድ ደወለለት፣ ከዚያ ገዙት። ስለ ዓለሙ የሚያስረዱ መጽሐፎችና ካርታዎች የያዘው የመጀመሪያው ሣጥን በ1987 ወጣ።

ስህተቱ የመጣው ኩባንያው የራሱንም ስለጨመረበት ይመስለኛል። ለምሳሌ በዚህ ዓለም ውስጥ ያሉት የሙንሼ ደሴቶች የጸሐፊው የዳግላስ ናይልስ ሌላ ሥራ ነበሩ፣ በኋላ ነው የተቀላቀሉት። ካራ-ቱር የተባለው የዚያ ዓለም ምድርም ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ነው። ይህን የኩባንያውን ድርሻ ማንም አይክድም። አንተ ግን ለአዲሶቹ ልጆች ስታስረዳ ከግሪንውድ ጀምርላቸው።