ይድረስ ለፖስታ ቤት አድማ

ይድረስ ለማከብርህና ለምፈራህ፣ በዓል ሲቃረብ ከእንግዳ ሁሉ ቀድመህ ለምትደርሰው፣ ለፖስታ ቤት አድማ።

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ አንተ ከመጣህ ወዲህ ከደብዳቤ፣ ከጥቅልና ከትዕግስት በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

መጀመሪያ አንድ የቋንቋ ጉዳይ እናጥራ። ሰው «ሠራተኞቹ አድማ መቱ» ይላል። እኔም ስንት ዘመን ሙሉ የሚመታው አሠሪው ይመስለኝ ነበር። ለካ አሠሪው መግለጫ ሰጥቶ ቢሮው ይገባል፤ ክራባቱ እንኳ አይዛነፍም። የሠራተኛ ማኅበሩ መሪም መግለጫ ይሰጣሉ። የመከታተያ ቁጥሬን ይዤ ደጅ የምቀረው እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህን ነው። እድሜ ለአንተ፣ ዳውላ መሆኔን በዚህ ዕድሜዬ አወቅኩ።

ካላስታወስከኝ ላስታውስህ። ያገለገሉ መጻሕፍት እየሸጥኩ በፖስታ የምልክ ሰው ነኝ። ለዓመታት ደንበኛ ደንበኛ ነበርኩ። «በኩሪየር (በግል ዕቃ አድራሽ ድርጅት) ላክልኝ» የሚለኝን ገዢ እቆጣው ነበር። ፖስታ ቤት እኮ አድልዎ አያውቅም፣ መሃል ከተማ ላለውም ሆነ ተራራ ጫፍ ላይ ለብቻው ለሚኖረው በአንድ ዋጋ ያደርሳል እያልኩ እሰብክ ነበር። ሪኮማንዴ (በአደራ ተመዝግቦ የሚላክ) የላክሁበትን ደረሰኝ እንደ ዲፕሎማ አስቀምጥ ነበር። ኩሪየሮቹ በዚያ ሁሉ ማስታወቂያቸው ሊያስጥሉኝ ያልቻሉትን ፍቅር፣ አንተ በአንዲት ወረቀት አስጣልከኝ።

ወረቀቷን ታውቃታለህ። በሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈችው ናት። አንዱ ጥግ ተልጦ በነፋስ ይርገበገባል። «በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት አገልግሎታችን እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ተቋርጧል። ለሚፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ሦስት ጥቅል አቅፌ አነበብኳት። ደገምኳት። አንዲት ሴትዮ ለልጃቸው የሚልኩትን ካርቶን ተሸክመው ከኋላዬ ደረሱ። እሳቸውም አነበቡ። ተያየን። «ልጄ፣ የሚቀጥለው ማስታወቂያ መቼ ነው?» አሉኝ። እኔን! ጥቅል ስላቀፍኩ የቤቱ ሠራተኛ መስያቸው ይሆናል።

የባሰው ደግሞ አንተ ከመግባትህ በፊት የላክሁት መጽሐፍ ነው። መከታተያው «በማከፋፈያ ማዕከል ይገኛል» ይላል። በማግስቱም ይገኛል። በሳምንቱም ይገኛል። በሕይወቴ እንደዚያ መጽሐፍ የተገኘ ነገር አላየሁም። ገዢው በየቀኑ ይጽፍልኛል። መጀመሪያ «ሰላም ወንድሜ፣ መጽሐፉ የት ደረሰ?» ነበር። ቀጥሎ «ሰላም፣ የት ደረሰ?» ሆነ። ከዚያ ሰላሙም ቀረ። በመጨረሻ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይልክልኝ ጀመር። አንድ፣ ሲነጋ ሁለት።

በዘጠነኛው ቀን ተሸነፍኩ። የኩሪየር መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩ። ስም ሙላ፣ አድራሻ ሙላ፣ የመክፈያ ካርድ አስገባ፣ ኮድ ተልኮልሃል፣ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። ላብ በላብ ሆኜ ጨረስኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ልጅ በሞተር መጣ። «አለቃ፣ በር ላይ ነኝ» አለኝ። አለቃ! መስኮቱ ጋ እኮ ዕድሜ ልኬን ስሜ «ቀጣይ!» ነበር። በዚያው መጽሐፍ ምትክ ሌላ ቅጂ ሰጠሁት። በማግስቱ ደረሰ። ገዢውም ጻፈልኝ፤ ሰላሙም ወንድሜም ተመልሰው መጡ።

እንግዲህ ያቺን ላብ ልብ በልልኝ። አንተና ጌቶችህ ደንበኛ የሚጠፋው ተናዶ ይመስላችኋል። ንዴት ይበርዳል። እኔም አድማው ባለቀ በሳምንቱ ረስቼህ ነበር። ችግሩ፣ አሁን ስልኬ ላይ አድራሻዬም ካርዴም የገዢዎቼም ዝርዝር ተሞልቶ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ስነካው ልጁ ይመጣል። ፖስታ ቤት ለመመለስ ግን መነሳት አለብኝ፣ ልብስ መቀየር አለብኝ፣ ሰልፍ አለ። ያስወጣኸኝ አንተ ነህ፤ እንዳልመለስ ያደረገኝ ስንፍናዬ ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም ድርድር አይፈታውም።

የሥራ ልምድህን ሳገላብጥ አመሻለሁ። (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው፤ አንተም የምትመጣው በእነሱ ካላንደር ነው።) በ1970 አሜሪካ ገብተህ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኒውዮርክ ከተማ ላይ ወታደር አሰማርተው ደብዳቤ እስኪያስለዩ አደረስካቸው። ወታደር ወዳጅና ጠላት መለየት ሰልጥኗል፤ የሰፈር ቁጥር መለየት ሌላ ሙያ ነው።

በ1971 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ 47 ቀን ተቀመጥክ። ጃንዋሪ 20 ገብተህ ማርች ላይ ወጣህ። አገሩ ወደ አስርዮሽ ገንዘብ (ፓውንዱ በመቶ ፔንስ ወደሚመነዘርበት) የተሻገረበት ፌብሩዋሪ 15 መሃል ላይ ነበር የዋለው። ለዚያ ቀን ተብለው የወጡት አዳዲስ ቴምብሮች የተለጠፉባቸው ፖስታዎች፣ ኋላ ላይ «በ1971 የፖስታ ቤት አድማ ምክንያት የዘገየ» የሚል ማኅተም ተመቶባቸው ተላኩ። አየህ፣ አንተ ስትገባ የማይመታ ነገር የለም።

መንግሥቱም ደብዳቤ የማድረስ ብቸኛ መብቱን ከፖስታ ቤቱ ለጊዜው አንስቶ ለግሎች ፈቀደ። ትንንሽ የግል ፖስታ ቤቶች በየቦታው ፈሉ። የራሳቸውን ቴምብር እያሳተሙ ደብዳቤ ማመላለስ ጀመሩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ያኔ ግን ጅቡ ገና ግልገል ነበር። አንተ ስትወጣ ፈቃዱ ተነሳ፣ ቀዳዳው ተደፈነ፣ ደንበኛውም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፖስታ ቤቶች ይህን ታማኝነት ብለው መዘገቡት። ምስኪኑ ደንበኛ ሌላ መሄጃ አልነበረውም። መሄጃ የሌለው ሰው ሁልጊዜ ታማኝ ነው።

አሁን ወደ ካናዳ ና። በ2024 ኖቬምበር 15 ገባህ፤ የፈረንጅ ገና ልክ አርባ ቀን ሲቀረው። (ቀን አመራረጥ ላይ ማንም አይችልህም። በ2022 ብሪታንያ ውስጥ ዲሴምበር 23 እና 24ን የመረጥክ ጊዜ ባርኔጣዬን አንስቼልሃለሁ።) 55 ሺህ ያህል ሠራተኛ ይዘህ ከአንድ ወር በላይ ቆየህ። ዲሴምበር 17 ላይ በመንግሥት ግፊት ሥራ ተጀመረ። ግን ያ ግልገል አድጎ ጠበቀህ። የካናዳ ፖስታ ቤት ራሱ እንደሚለው፣ በ2019 ከጥቅል ገበያው 62 በመቶው የእሱ ነበር። በ2023 የቀረለት 29 በመቶ ነው።

ቆይ፣ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ቁጥር የወረደው ከዚያ አድማ በፊት ነው። ሁሉንም አንተ ላይ አላላክክም። ሰው ደብዳቤ መጻፍ ተወ። የኢንተርኔት ሱቆች የራሳቸውን መኪና ገዙ፣ ቅዳሜና እሁድ ማድረስ ጀመሩ። ደንበኛው ቀድሞም ጫማውን እያጠለቀ ነበር። አንተ መጥተህ በሩን ወለል አድርገህ ከፈትክለት። ደግሞ አሁን አሁን መምጣትም አያስፈልግህም። «አድማ ሊኖር ይችላል» ተብሎ ሲወራ ትልልቆቹ ሻጮች ጥቅላቸውን ወዲያው ያዞራሉ። ድርድሩ በሰላም ቢያልቅ እንኳ የዞረው ጥቅል ዞሮ ይቀራል። ወሬህ ብቻ ይበቃል።

አንዱ የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ እዚያው ካናዳ ያለው ፑሮሌተር የሚባለው ኩሪየር ነው። 91 በመቶ ድርሻው የማን መሰለህ? የዚያው የፖስታ ቤቱ። ደንበኛው ተቆጥቶ በዋናው በር ወጣና ዞሮ በጓሮ በኩል ገባ።

ኩሪየሮቹ ካንተ የተጠበቁ ይመስላቸዋል። በ1997 ኦገስት የአሜሪካው ኩሪየር ዩፒኤስ ላይ ምን እንዳደረግህ እናውቃለን። 185 ሺህ ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት ያህል አስቆምክ። ያኔ የተከፉት ደንበኞች ወዴት እንደሮጡ ልንገርህ? ወደ ሌሎች ኩሪየሮች፣ ከፊሎቹም ወደ መንግሥት ፖስታ ቤት! ስለዚህ ከፖስታ ቤት ጋር የግል ጠብ የለህም። ጠብህ ከእኔ ጋር ነው። የትም ብሄድ ተከትለኸኝ ትመጣለህ።

አንድ ነገር ግን አፍኖ ይዞኛል። የሥራ ልምድህ ውስጥ በ1981 ካናዳ ውስጥ የተቀመጥክባቸው 42 ቀናት አሉ። በዚያ አድማ የፖስታ ቤት ሴት ሠራተኞች የ17 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ከነክፍያው አገኙ። እሱን ሳነብ መጽሐፌ ዘገየ ብዬ የጮህኩት ትንሽ አሳፈረኝ። ትንሽ ነው፤ ደብዳቤውን ለማቋረጥ አልበቃም። ግን ሠራተኛ ሆነህ በደመወዝህ ቤት ኪራይ ካልከፈልክ፣ ጉልበትህ እስኪዝል ደረጃ ወጥተህ ወርደህ «ለምን አረፈድክ?» ከተባልክ፣ አድማ ከመምታት ሌላ ምን በእጅህ አለ? ይህን እያወቅሁ ነው የምወቅስህ። ለዚህ ነው አንተን ዝም ብሎ መጥላት የማይመቸው።

ኩሪየሬንም አላንቆለጳጵስም። በቀደም «ጥቅልዎ ደርሷል» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ጥቅሉ በአንድ ሰማያዊ በር ፊት ተቀምጧል፤ ደህና ብርሃን አለው፣ ደህና አንግል አለው። ገዢው ሰማያዊ በር የለውም። ደንበኞች ግልጋሎት ደወልኩ። አንዲት የተቀዳች ድምፅ ጥሪዬ ለእነሱ በጣም አስፈላጊ መሆኑን ለሃያ ደቂቃ ነገረችኝ።

ደግሞ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ ሩቅ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር። የእሳቸውን አድራሻ መተግበሪያው ላይ ሳስገባ «ይህ አካባቢ በአገልግሎት ክልላችን ውስጥ አይደለም» ይለኛል። ተራራ ጫፍ ላይ የሚኖረው ሰው ብዬ ስሰብክ የነበረው፣ ለካ እሳቸው ናቸው። ጅብ ሥጋ ወዳለበት እንጂ የትም አይሄድም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ስመ ጥሮቹ ኩሪየሮች ለዓመታት ርካሽ ጥቅላቸውን የመጨረሻዋን መንገድ የሚያስጨርሱት ለፖስታ ቤቱ እየሰጡ ነበር። መምህሩ አድማህን እስከ መጨረሻው ጠበቁ። አንድም የጥያቄ ምልክት አልላኩም። የላኩልኝ «አይዞህ፣ ይመጣል» የሚል ነው። እኛ መሄጃ ያለን ጥቅላችንን ይዘን በወጣን ቁጥር፣ ያንን ሁሉ መንገድ ለእሳቸው አንድ መጽሐፍ ብቻ መሄድ ለፖስታ ቤቱ እየከበደው ይመጣል። አንድ ቀን ሒሳቡ ተሠርቶ «አያዋጣም» ይባላል። ያን ቀን አንተ በቦታው አትኖርም። እኔም መተግበሪያዬን እየነካካሁ ይሆናል።

አድማው ያለቀ ሰሞን ፖስተኛችን ተመለሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ሲወጡ ቆም ይላሉ። ድሮ ሲያልፉ ካገኘኋቸው አንድ ሁለት ጥቅል አስይዛቸው ነበር። የዚያን ቀን ቦርሳቸው ተጣጥፎ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ጠፋህ እኮ ልጄ» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት የጠፉት ጋሼ» አልኳቸው። ሳቅን።

«ዛሬ የምትሰጠኝ የለም?»

«ነገ» አልኳቸው።

እሳቸው ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ ስልኬ ጮኸ። «አለቃ፣ በር ላይ ነኝ።»

አክባሪህ፣
ደንበኛ የነበርኩት