ማስተካከያ፦ ንግሥቷ አልታየችም ማለት የለችም ማለት አይደለም

ስለሚዳከም ኅብረ ንብ ባለፈው ስጽፍ «ቀፎውን ከፍታችሁ ንግሥቷን ካጣችኋት ሞታለችና ቶሎ ሌላ አስገቡ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ምክሩ ጀማሪን ለኪሳራ ይዳርጋል።

ንግሥቷን በዓይን ማግኘት ልምድ ላለውም ያስቸግራል። መፈለግ ያለበት እንቁላል ነው። እንቁላል በ3 ቀን ገደማ ስለሚፈለፈል፣ ንቦቹ በሰም በሠሩት እንጀራ በየክፍሉ ግርጌ አንድ አንድ ቆሞ ካያችሁ ንግሥቷ ቢያንስ እስከ ሰሞኑ ነበረች። (ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ አለዚያ አይታያችሁም።) በአንድ ክፍል ብዙ እንቁላል፣ ያውም ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ፣ የሚጥሉት ሠራተኞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ከዚያ የሚወጣው ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ነው። አዲስ ንግሥትም መጀመሪያ ላይ ትደራርባለችና ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ደግማችሁ እዩ።

እንቁላል ጨርሶ ባይኖርም አትቸኩሉ። ገና የወጣች ንግሥት ከድንጉላ ተገናኝታ መጣል እስክትጀምር 2 ወይም 3 ሳምንት ሊፈጅባት ይችላል፤ በዚህ መሀል የምታስገቧት ሌላ ንግሥት ልትገደል ትችላለች። ይልቅ ከጤነኛ ቀፎ እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበት አንድ እንጀራ ስጧቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የንግሥት ቤት (አዲስ ንግሥት የሚያሳድጉበትን ክፍል) መሥራት ከጀመሩ፣ ንግሥት የላቸውም ማለት ነው።

ስለ ምግብ እጥረት የጻፍኩት እንዳለ ነው።