ማስተካከያ፦ ስለ ኢያን ማኬለን እና «ሚስተር ሆምስ»

በ«ሚስተር ሆምስ» ፊልም ሆምስን የተወነውን እንግሊዛዊ ተዋናይ ማኬለንን ባደነቅንበት ጽሑፍ፣ የፊልሙ ታሪክ የአርተር ኮናን ዶይል ነው ተብሎ ወጥቷል። አይደለም። ዶይል መርማሪውን ሸርሎክ ሆምስን ፈጠረ እንጂ ይህን ታሪክ አልጻፈም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፊልም የተሠራው ከአሜሪካዊው ሚች ከሊን ልብ ወለድ ነው።

ተዋናዩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በይፋ የተናገረውም በዚያው ጽሑፍ እንደወጣው በፊልሙ ሰሞን ሳይሆን፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1988 በቢቢሲ ሬዲዮ ነው።

አድናቆታችን ግን እንዳለ ነው። በሰባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው የ93 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሲጫወት እኮ ቀላል አይደለም! ጡረታ የወጣው ሆምስ ሲኒማ ቤት ገብቶ ስለ ራሱ የተሠራ ፊልም ሲያይ ፊቱን ብቻ ተመልከቱ። በነገራችን ላይ፣ እዚያ ስክሪን ላይ ሆምስን የሚተውነው ኒኮላስ ሮው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በሌላ ፊልም ወጣቱን ሸርሎክ የተወነው ራሱ።