የጋላክሲዎች መነሻ፦ «ግምት ነው» ብለን አንለፈው

ስለ ቢግ ባንግ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ከዚያ በፊት ምን ነበር?» የሚለው ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ዩኒቨርስ ሲጀመር ያን ያህል ወጥ ከነበረ ጋላክሲና ኮከብ ከየት መጣ? ሁሉም ቦታ ፍጹም እኩል ከሆነ ስበት ወዴትም ሊሰበስብ አይችልም። ትንሽም ቢሆን ወፈር ያለ ቦታ ይፈልጋል።

የፊዚክሱ መልስ ለጆሮ እንግዳ ነው። የአቶምንና ከዚያ ያነሱ ነገሮችን ባሕርይ በሚገልጸው በኳንተም ሕግ ባዶ የምንለው ቦታ እንኳ አያርፍም፤ ሁልጊዜ ይዋዥቃል። ዩኒቨርስ በመጀመሪያዋ የሰከንድ ሽራፊ በአስደንጋጭ ፍጥነት ሲለጠጥ፣ ከአቶም እጅግ ያነሱት መዋዠቆችም አብረው ተለጠጡ። አንዱ ቦታ በጥቂቱ ጥቅጥቅ አለ፤ ሌላው ሳሳ። ቀሪውን ስበት በ13.8 ቢሊዮን ዓመት ሠራው።

«ማን አይቶ?» የሚሉ አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በፈረንጆቹ 1981 ሞስኮ ውስጥ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቪያቼስላቭ ሙካኖቭና ጌናዲ ቺቢሶቭ የእነዚህን መዋዠቆች ስሌት አሳተሙ። መዋዠቁ በትልቅም በትንሽም ርቀት እኩል ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፤ ሰፊው ላይ በጥቂቱ ይበረታል የሚል ነበር። ያኔ ይህን ሊለካ የሚችል መሣሪያ አልነበረም።

በ1992 የናሳው ኮቢ ሳተላይት ቢግ ባንግ ከሆነ ከ380 ሺህ ዓመት በኋላ በተለቀቀው ብርሃን ላይ የሙቀት ልዩነት አገኘ። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ የእነዚያ ጥቅጥቅና ሳሳ ያሉ ቦታዎች አሻራ ነው። በ2013 ደግሞ የአውሮፓው ፕላንክ ሳተላይት ያቺን «ሰፊው ላይ በጥቂቱ ይበረታል» የተባለችውን ትንሽ ዝንባሌ ራሷን ለካ። ፍጹም እኩል ቢሆን 1 መሆን የነበረበት ቁጥር 0.96 ሆነ። ከልኬቱ 30 ዓመት ቀድሞ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር እንዲህ ሲገጥም «ግምት» ማለት ልፋቱን ማራከስ ነው።

«ተረጋገጠ፣ አለቀ» ማለትም አልወድም። በ2014 የደቡብ ዋልታው የባይሴፕ 2 ቴሌስኮፕ ቡድን ዩኒቨርስ በፍጥነት ከተለጠጠበት ከዚያ ቅጽበት የመጣ የስበት ሞገድ (የራሱ የሕዋ መርገብገብ) አሻራ አገኘሁ አለ፤ ዓለም ጮቤ ረገጠ። በቀጣዩ ዓመት ከፕላንክ መረጃ ጋር ሲታይ ምልክቱ በራሳችን ጋላክሲ አቧራ ሊብራራ የሚችል ሆነ። ያ ሞገድ ዛሬም አልተገኘም። ፍለጋው በደቡብ ዋልታና በቺሊው አታካማ በረሃ ባሉ ቴሌስኮፖች ቀጥሏል።