ወራሽ ምን ሠራ ይባላል?

ባለፈው እሑድ ፍራንክፈርት አንዲት ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ልጇ በጎን ክፍል ፒያኖ ስትለማመድ ቆይታ የባኽን የኖታ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። ሽፋኑ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። አንዱ ጎልማሳ አንስቶ አገላበጠና "ይህ ፔተርስ የሚሉት ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

ስለዚያ ቤት ብዙ ያነበብኩ እኔ ነኝና መለስኩ። ፔተርስ የላይፕዚጉን የሙዚቃ ማተሚያ ቤት በ1814 የገዛው ሰው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ሳይለወጥ ማተሚያ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል። እኔ ግን ልቤ ያለው ከብዙ ዘመን በኋላ ቤቱን ከአጎቱ ከማክስ አብርሃም በወረሰው በሄንሪ ሂንሪክሰን ላይ ነው አልኳቸው።

ጎልማሳው "ወረሰ" የምትለዋን ይዞ ቀረ። "ታዲያ እሱ ምን ሠራ ይባላል? የሠራው አጎቱ ነው!"

የአጎትየው ሥራ በእርግጥም የሚናቅ አይደለም። በ1867 በጀርመን ምድር ከሞቱ የቆዩ የሙዚቃ ደራስያን ሥራዎች የሕግ ጥበቃ ሲያበቃ፣ ኤዲሽን ፔተርስ የሚባለው ርካሽ የኖታ ተከታታይ መውጣት ጀመረ። የቆዩት አረንጓዴ፣ አዲሶቹ ሮዝ ሽፋን ለበሱ። ባኽና ቤትሆቨን መጠነኛ ገቢ ያለው ቤት ገቡ። ማክስ አብርሃም ኖርዌያዊውን ግሪግን የቤቱ ደራሲ አደረገው። በ1894 ደግሞ ታልሽትራሰ በተባለው መንገድ ቁጥር 10 ላይ ማንም ገብቶ በነፃ የሚያነብበት የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ።

"ይኸው!" አለ ጎልማሳው። "የወራሽን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። አባታችን የተወልንን ሱቅ እኛ ወንድማማቾች ሦስት ዓመት አላቆየነውም።"

ይህን ሲል ድምፁ ተለወጠ። ሁላችንም ዝም አልን። ዕድሜውን በማተሚያ ቤት የጨረሱ አንድ ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ልጄ፣ አንተ የምታውቀው የራስህን ነው። ይህኛውስ እንዴት ወረሰ? እስቲ ይንገረን" አሉ።

ሂንሪክሰን የተወለደው በ1868 ሃምቡርግ ነው። አጎቱ ዘንድ በ1891 ገባ፤ ሽማግሌው በ1900 እስኪሞት ድረስ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ሠርቷል። ብቻውን ሲቀር አረንጓዴዎቹን መጻሕፍት እየሸጠ በሰላም መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን የማህለርን አምስተኛ ሲምፎኒ በ1904 አሳተመ። በ1912 የሾንበርግን አምስት የኦርኬስትራ ቁርጥራጮች አወጣ፤ ያኔ ያን ሙዚቃ ጆሮው የሚቀበልለት ሰው ጥቂት ነበር። የሴቶች ትምህርት ተሟጋቿ ሄንሪየት ጎልድሽሚት በ1911 ላይፕዚግ ውስጥ ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት ስታቋቁም ገንዘቡን የሰጠው እሱ ነው። በ1926 ደግሞ ኮሎኝ የነበረው ትልቅ የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ ሊሸጥ ሲል፣ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ እንዲገዛው 200,000 ማርክ ሰጠ። ዛሬም በከተማዋ የሙዚቃ መሣሪያ ሙዚየም የሚታየው ያ ስብስብ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1929 የክብር ዶክተር አደረገው።

"አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ" አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው ያህል።

በሙያዋ ነርስ የሆነችው የቤቱ እመቤት ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች "መጨረሻውስ?" አለች።

ሂንሪክሰን አይሁዳዊ ነበር። ልጆቹ ማክስና ዋልተር ናዚዎች ከመጡ በኋላ አንዱ ወደ ለንደን፣ አንዱ ወደ አሜሪካ ሄዱ። እሱ ቆየ። በኅዳር 1938 ናዚዎች በመላ ጀርመን የአይሁድን ሱቅና ምኩራብ ካወደሙበት የጥቃት ሌሊት በኋላ ከገዛ ማተሚያ ቤቱ ሥራ ተገፋ፤ በማግስቱ ዓመት ድርጅቱን በግዳጅ አሸጡት። በ1940 መጀመሪያ ከሚስቱ ከማርታ ጋር ብራስልስ ገባ። ጀርመኖች እዚያም ደረሱ። ማርታ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ ለአይሁድ ኢንሱሊን ተከልክሎ በ1941 ሞተች። እሱን በመስከረም 1942 ኦሽዊትዝ ገደሉት፤ 74 ዓመቱ ነበር።

ጎልማሳው ግን አልተረታም። "ልጆቹ ሲሄዱ እያየ ለምን ቀረ? ገንዘብ ነበረው። ከንብረቱ መለየት አቅቶት ነው።"

"ንብረት አይደለም፤ አደራ ነው የያዘው" አሉ ጋሼ። ክርክሩ ጋለ። አንዱ ንብረት ሲል ሌላው አደራ ሲል የቤቱ እመቤት ጀበናውን ይዛ ቆማ፣ "ኢንሱሊን እኮ የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ሰዎች በእጃቸው እያለ ነው የከለከሏት። እናንተ ስለ ቤቱ ትከራከራላችሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም ወዲያው አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርደው ሰነበትኩ። ከሁለቱም አልስማማም። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ሂንሪክሰን 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ሙዚየሙም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ያሉት በዚያው ከተማ ነው። ያስቀረው ከንብረቱ ይልቅ ከተማው እንደሚያውቀው ማመኑ ይመስለኛል። ለዚህ እምነት ወቀሳ የሚገባው ያመነው ሰው አይደለም። ለምን አልሸሸህም የሚለውን ጥያቄ ጎልማሳው ያቀረበው ለተሳሳተ ሰው ነው፤ የሚጠየቁት ያባረሩት ናቸው።

ወራሽ ምን ሠራ ለሚለው ደግሞ መልሱን ልጆቹ ላይ አገኘሁት። ማክስ በ1938 ለንደን ላይ፣ ዋልተር በ1948 ኒው ዮርክ ላይ የሙዚቃ ማተሚያ ቤት ከፈቱ። ዋልተር በ1945 በአሜሪካ ጦር መኮንንነት ላይፕዚግ ገብቶ የአባቱን ቤት ለማስመለስ ሞክሮ ነበር፤ በኋላ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ወረሰው። ሕንፃም ማሽንም አልደረሳቸውም። የደረሳቸው ሙያውና ስሙ ብቻ ነበር፤ በዚያም ኖታ ማሳተማቸውን ቀጠሉ። ኤዲሽን ፔተርስ ወደ ታልሽትራሰ 10 የተመለሰው በ2014 ነው።

ጎልማሳውን ሳገኘው ይህን እነግረዋለሁ። ስለ አባቱ ሱቅ ግን አላነሣበትም።