ይድረስ ለክቡር «የለም» ማኅተም

መድኃኒት ማደያው መስኮት ውስጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልተቋረጠ አገልግሎትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛስ ያው እርስዎ እንደሚያውቁት ነን።

ከሁሉ አስቀድሜ ትጋትዎን ሳላመሰግን አላልፍም። በጤና ጣቢያችን መብራት ሲጠፋ የማይቆም፣ «ሲስተም የለም» ብሎ ሰው የማይመልስ እርስዎ ብቻ ነዎት። ሐኪሙ ስብሰባ ይጠራል፣ የላቦራቶሪው ማሽን ይበላሻል። እርስዎ ግን ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ ጧ! ጧ! ሲሉ ይውላሉ።

በቀደም ጎረቤታችንን እማማን ይዤ መስኮትዎ ሥር ቆሜ ነበር። ግፊትም ስኳርም አለባቸው። የጤና መድን ደብተራቸውን ከፌስታል፣ ፌስታሉን ከሌላ ፌስታል ፈትተው አወጡ። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ አምሎዲፒኑ ላይ ጧ! ሜትፎርሚኑ ላይ ጧ! ፓራሲታሞሉን ተወችው። ፓራሲታሞል አለ። ፓራሲታሞል ሁሌም አለ፤ ከእርስዎ ጋር የሥጋ ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም።

«ሌላውን ከውጭ ይግዙት እማማ።»

«ከውጭማ የምገዛ ከሆነ ልጄ፣ ይህን ደብተር ምን ላድርገው?»

ልጅቷ ፈገግ ብላ «ቀጣይ» አለች። ምን ትበል? እሷም እኮ ደመወዟን ስትጠይቅ የእርስዎ ዘመድ ነው የሚመልስላት።

የጤና መድኑን እድሳት ሰሞን ቢያዩ ግን! የቀበሌ ሰዎች በር ለበር እየዞሩ፣ በጤናችሁ ጊዜ ከፍላችሁ በሕመማችሁ ጊዜ ትታከማላችሁ እያሉ፣ መዋጮዋን ሳይቀበሉ ንቅንቅ አይሉም። ነገሩ ክፉ ሐሳብ ሆኖ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ድሃው ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ በሬውን እንዳይሸጥ ተብሎ ነው። ያኔ ፌዴራል መንግሥት የመዋጮውን 25 በመቶ ይደጉም ነበር፤ ኋላ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ሲወርድ ጥሩንባ የነፋ አልነበረም። አሁን ላም አለኝ በሰማይ ሆኗል።

በእርግጥ ጥፋቱን ሁሉ እርስዎ ላይ መከመር ግፍ ነው፤ ቤተ ዘመድዎ ሰፊ ነው። ጤና ጣቢያው «ያከምኩበትን መድኑ አልከፈለኝም» ይላል። መድኑ «መዋጮው ወጪውን አልቻለም፣ ድጎማውም አልደረሰም» ይላል። አቅራቢው «የቆየውን ዱቤ ሳትከፍሉ አዲስ አልሰጥም» ይላል። ከላይ ያለው «በጀት አልተለቀቀም» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። አንዱ «የለም» ሌላውን እየወለደ፣ የልጅ ልጁ መጥቶ እማማ ወረቀት ላይ ያርፋል።

እኔን የሚደንቀኝ ስውርነትዎ ነው። ሌላው አገር በጀት ሲቆረጥ ተቆረጠ ይባላል፤ ምክር ቤቱ ይከራከራል፣ ሰው አደባባይ ይወጣል። እኛ ዘንድ ተቆርጦ አያውቅም፤ ሁሌም ጨምሯል። ለ2017 የጸደቀው የፌዴራል በጀት 971 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። እሰይ! እልል! ታዲያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100ን ዘሎ አለፈ። መድኃኒቱም ጥሬ ዕቃውም በአብዛኛው የሚገባው በዶላር ነው። ቁጥሩ ወፈረ፣ ኪኒኑ ከሳ። መቀስ የያዘ ሰው አልታየም፤ የታዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታችን 15 በመቶውን ለጤና እንመድባለን ብለው ነበር። ይህን ያነሣሁት ደብዳቤው እንዳይከብድብዎ፣ ለቀልድ ያህል ነው።

ጎደሎውን ሲደፍንልን የኖረው የባዕድ በጀትም አለ። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ እጇን ስትሰበስብ፣ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ቀጥሯቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ዋሽንግተን ላይ ፊርማ፣ እዚህ ጧ!

ስለ እማማ ሳይጨነቁ አይቀሩም። ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የግል ፋርማሲ ገባን። ዋጋውን ሁለቴ አስደገሙ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና የወሩን ሳይሆን አሥር ፍሬ ገዙ። ባለመድኃኒቱ በየቀኑ እንደሚዋጥ ነገራቸው። «እሺ» አሉት። መንገድ ላይ ግን «ቀን እየዘለልኩ ካልዋጥኩት በምን ይደርሳል?» አሉኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ አንዲት ትብብር ቢያደርጉልን፦ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው የሚለው ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው፤ ነፍሰ ጡሮቹ ግን ጓንትና ግሉኮስ ግዙ እየተባሉ ነው። እባክዎ እሱም ላይ አንዴ ይረፉበት። ቢያንስ ሰው አንብቦት አይጓጓም።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
መዋጮውን በወቅቱ ያደሰ አባል

ግልባጭ፦
ለጤና ጣቢያው ሒሳብ ክፍል
ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት
ለማኅተም ቀለም ግዥ ክፍል (አንድ ቀን እንኳ በጀት አጥሮት ስለማያውቅ ልምዱን እንዲያካፍል)