ይሄን ሁሉ ዓመት ማን አስቀመጠው?

ፈረንሳዮች አሮጌ ነገር ሲወዱ ያበዙታል። ስድስት ወር ጓዳ ውስጥ የከረመን አይብ እያሸተቱ የሚያመሰግኑ ሰዎች ናቸው፤ እሱን እንኳ እስካሁን አልለመድኩትም። ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጸ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ለማየት በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ መሰለፋቸው ግን ሲያስቀናኝ ይኖራል።

ፓሪስ፣ 13ኛው ወረዳ፣ ጎብለን ጎዳና ላይ የድሮውን የፓቴ ፊልም ኩባንያ ቅርስ የሚጠብቅ ተቋም አለ። በሩን ያስጌጡት ምስሎች ቀራጺው ሮዳን ገና ወጣት ሳለ የቀረጻቸው ናቸው። ከጀርባ ያለውን ሕንፃ ደግሞ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቷል። ውስጡ 68 ወንበር ብቻ ያላት አዳራሽ አለች። የሚታይባት ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ ከስክሪኑ ሥር አንድ ሰው ፒያኖ ይጫወታል። ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት በኮንሰርቫቷር (በሙዚቃ ትምህርት ቤት) የተማሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ ሙዚቃውን እዚያው ይፈጥሩታል።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ ይዣት ሄድኩ። ፈረንሳይኛ ከ«ሜርሲ» አታልፍም። የሚታየው የማክስ ሊንደር ፊልም ነበር። እኛ አገር ቻፕሊንን የማያውቅ የለም፤ ማክስን የሚያውቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ቻፕሊን ገና ፊልም ሳይጀምር በፊት ይህ ሰውዬ የሐር ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ጥንቅቅ ብሎ ለብሶ ዓለምን ሲያስቅ ነበር። ቻፕሊን ራሱ ፎቶውን ሲሰጠው ማክስን «ፕሮፌሰሩ»፣ ራሱን ደግሞ «ደቀ መዝሙርህ» ብሎ ፈርሞለታል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ የሠራው ነው። አሽከሩ ትልቁን የቁም መስታወት ይሰብርና ጉዱ እንዳይታወቅበት ወጥ ቤቱን እንደ ጌታው አልብሶ ባዶው ፍሬም ውስጥ ያቆመዋል። ማክስ ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ ራሱን ይዞት ተነስቷል። ጢሙን ሊላጭ ሲቀርብ ወዲያ ያለው ሰው እጁን በእጁ፣ ምላሱን በምላሱ ይመልስለታል። አንዷ እንቅስቃሴ ትንሽ ትዘገያለች። ማክስ ይጠረጥራል፤ ዞር ብሎ ድንገት ይመለሳል፤ ያኛውም አብሮት ይመለሳል። ፈረንሳዮቹ በልክ በልክ ይስቃሉ። አክስቴ ግን አምባሳደር ሲኒማ ያለች መስሏት «ኧረ መስታወት አይደለም፣ ሰው ነው! በለው!» ብላ ጮኸች። ከፊታችን የተቀመጡት አሮጊት ዞሩ። «ተቆጡን» ብዬ ስሸማቀቅ እሳቸው በሳቅ ፈረሱ። የተናገረችው አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ግን ምን እንዳለች ገብቷቸዋል።

እዚህ ላይ ላድላ። ኮሜዲ ማየት የሚያውቀው የኛ አገር ተመልካች ነው። ተዋናዩን ይመክራል፣ ከኋላው የሚመጣበትን ሰው ይጠቁመዋል፣ ሲወድቅ «እሰይ!» ይለዋል። እነሱ ከጨረሱ በኋላ ነው የሚያጨበጭቡት።

ስንወጣ አክስቴ የጠየቀችኝ ስለ ማክስ አልነበረም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ማን አስቀመጠው?» አለችኝ።

መልሱ ባብዛኛው ልጁ ናት። ማክስና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1925 በአሳዛኝ ሁኔታ ሲሞቱ ሞድ ሊንደር ገና አንድ ዓመቷን ያለፈች ሕፃን ነበረች። አባቷን የምታውቀው አድጋ በስክሪን ካየችው ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ዕለተ ሞቷ ድረስ ፊልሞቹን ስታሳድድ ኖረች። ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ያገኘቻቸውን ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳግም ለሲኒማ አበቃች።

የፒየር ኤቴ ታሪክ ደግሞ ከጊዜ ይልቅ ወረቀት ፊልምን እንዴት እንደሚቀብር ያሳያል። ኤቴ በሰርከስ በቀልደኝነት የሠራ፣ ለፈረንሳዊው የኮሜዲ ዳይሬክተር ለዣክ ታቲም የሠራ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድምፅ አልባውን ኮሜዲ በድምፅ ዘመን አስቀጥሎታል። ከፊልሞቹ አንዱ ሲጀምር ሀብታሙ ሰውዬ በትልቅ ቤቱ ውስጥ ምንም ሳይናገር ይንገላወዳል፤ የሚሰማው ንግግር ሳይሆን እንደ በር ሲጢጥታ ያለ ድምፅ ነው። እነዚህ ፊልሞች በመብት ክርክር ተቆልፈው ለብዙ ዓመታት ማንም አላያቸውም። ኤቴ በሕይወት እያለ የገዛ ፊልሙን ማሳየት አይችልም ነበር! እ.ኤ.አ. በ2009 ከ50 ሺህ በላይ ሰው ፈረመለት፣ ፍርድ ቤቱም ፈታለት። በማግስቱ ዓመት ፊልሞቹ ታድሰው ሲኒማ ሲገቡ ሰውዬው ሰማንያ ዓመት አልፎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከመሞቱ በፊት ወጣት ተመልካች ሲስቅለት ደርሶ አየ።

ወደኛ ስመለስ አክስቴ ያነሳችው ጥያቄ ይከብደኛል። የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ ቀልድ ዛሬ የሚገኘው በዩቲዩብ ነው፤ ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ፣ ግርጌው የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፁ ከምስሉ የሚቀድም። መጽሐፍ ሲታተም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ቅጂ ይገባል። ለበዓል ዝግጅት ተቀርጾ አገር ያሳቀው ቀልድ ዋናው ካሴት የት እንዳለ ግን የጠየቅኳቸው የሙያው ሰዎች እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ያን ዘመን ካሴት ውድ ስለነበር በላዩ ሌላ ይቀረጽበት ነበር የሚሉም አሉ። እዚህ ፈረንሳይ ሙግቱ ስለ ባለቤትነት ነበር፤ እኛ ጋ ገና የምንሟገትበት ዕቃ መኖሩንም አላረጋገጥንም።

ዕድላችን፣ የሚገርመው፣ ስደቱ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ከአገር የወጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የቪዲዮ ካሴት ይከት ነበር። ዋሽንግተን፣ ሮም፣ ጅዳ፣ ቴል አቪቭ ምድር ቤት ውስጥ ካርቶን ሙሉ ተቀምጧል። ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ በአሮጌ ማጫወቻ ደጋግማችሁ አትሞክሩት፣ ቴፑን ይበላዋል። ሻጋታ ካለው ጭራሽ አታስገቡት። ካሴት ወደ ዲጂታል ለሚገለብጥ ባለሙያ ስጡና ላዩ ላይ ማን መቼ እንደቀረጸው የተጻፈውን ወረቀት ሳትልጡ ፎቶ አንሱት። ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ለቀልደኞቹ ቤተሰቦች ደውሉ።